መጀመሪያ ችግሩን ለይተው ይደውሉ

ስልኩን አሁን መዝጋቴ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም።

የልጄን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ገና በባለሙያ አልተመረመረም። ትምህርት ቤቱ «የባለሙያ ማስረጃ ካልመጣ ምንም ልናደርግለት አንችልም» ካለ ወዲህ ሥራዬ መደወል ሆኗል። ጅማ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሁሉ፣ ሐኪሙም መምህሩም፣ «አዲስ አበባ ውሰጂው» ይሉኛል። ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ልጅ አሳፍሮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ፣ የግቤን ቁልቁለት ወርዶ አቀበቱን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይታየውም።

እሺ ብዬ አንድ የግል ማዕከል ደወልሁ።

«የልጁ ችግር ምንድን ነው?» አለችኝ ስልክ ያነሣችው ልጅ።

«እሱን እንድትነግሩኝ ነው የደወልሁት።»

«ኦቲዝም ከሆነ ባለሙያው ሌላ ነው፤ የትኩረት ማነስ ከሆነ ሌላ ነው፤ የንግግር ከሆነም ሌላ ነው። የትኛውን ልያዝልዎት?»

«እህቴ፣ እኔ ለይቼ ካወቅሁትማ ለምርመራ ምን ያስመጣኛል?»

«እናቱ አይደሉ እንዴ? ልጅዎን አያውቁትም?»

በትሕትና፣ በ«እርስዎ»፣ እንዲህ ተባልሁ! ቀጥላም የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፉት የምርመራውን ውጤት ካዩ በኋላ ነው።

በቴሌግራም የላከችልኝን ቅጽ ደግሞ ብታዩት! «በሹካና በቢላ ይመገባል?» ይላል። ልጄ እንጀራውን በእጁ ቆርሶ፣ ሽሮውን ጠብ ሳያደርግ አጥቅሶ ይበላል፤ ይህ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። «አይመገብም» ብዬ ምልክት ባደርግ እንደ ጉድለት ሊቆጠርበት ነው። «ስንት ቃላት ይናገራል?» ለሚለውስ ምን ልመልስ? ከአያቱ ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው፤ ወተቱን «አናን» ይላል፣ ውሃውን «ውሃ» ይላል። የየትኛውን ቋንቋ ልቁጠር?

ለመሆኑ ልጅን ከፊት ወንበር ለማስቀመጥና የታዘዘውን አንድ በአንድ ለመንገር የማን ማኅተም ያስፈልጋል? አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ካጸደቀች ስንት ዘመን ሆናት! የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ማስተማር፣ መብት ነው ይላል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ልጃቸውን ተቀብሎ የሚያስተምር ቢያጡ ነበር፤ ዛሬም እናት ሁሉ የራሷን ማዕከል ትክፈት ካልተባለ በቀር ምን ተለወጠ?

ደግሞ የዘመዱ ምክር አለ። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው»፣ «ስልክ አብዝተሽ ሰጥተሽው ነው»። ባለፈው የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር «ካልተቆነጠጠ እኮ አይታረምም» ብሎ መክሮኛል፤ የምክሩንም ሒሳብ አብሮ የጨመረ መሰለኝ፣ ከወትሮው አስበልጦ አስከፈለኝ።

የማዕከሉን ግማሽ ክፍያ እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ቀጠሮው ለሌላ ይሰጣል፤ ከፍዬ ብቀር ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ልጅን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አናግሮ የሚመረምር፣ ሹካ የማይጠይቅ ባለሙያ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። «ጠበል ሞክሪለት» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ግን አትድከሙ፤ አክስቴ ቀድማችኋለች።