ከግሱ ሳይሆን ከስሙ እንጀምር

አማርኛ ተናጋሪ ልብሱን ይለብሳል፣ ካልሲውን ያጠልቃል፣ ቀበቶውን ይታጠቃል፣ ሰዓቱን ያስራል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ኮፍያውን ይደፋል፣ ሽቶውን ይቀባል። «ሰዓት ለበስኩ» የሚል ሰው ቢያጋጥመን ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባናል፤ ቋንቋው ገና እንዳልተዋሐደው ግን ወዲያው እናውቃለን። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ «ዌር» በሚል አንድ ግስ ይጨርሰዋል። ሽቶውም፣ ጺሙም፣ ፊት ላይ ያለው ፈገግታ እንኳ «ዌር» ነው። ሰዓት የሚታሰርበትን፣ ኮፍያ የሚደፋበትን ምክንያት የሚያስረዳ የሰዋስው ሕግ አይገኝም። ቃላቱ አብረው ኖረው ተላምደዋል፣ በቃ። እንዲህ ያለውን የቃላት ልማዳዊ አብሮ መሄድ ጥምረት እንለዋለን።

እዚህ ላይ መራጩ አማርኛ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ተራው የእንግሊዝኛ ይሆናል። እኛ ስህተትም እንሠራለን፣ የቤት ሥራም እንሠራለን፣ ወንጀልም እንሠራለን። እንግሊዝኛ ለስህተቱ «ሜክ»፣ ለቤት ሥራው «ዱ»፣ ለወንጀሉ «ኮሚት» ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ «ዱ ኤ ሚስቴክ» ሲል የቃል እጥረት የለበትም። ሦስቱንም ግሶች ያውቃቸዋል፤ የትኛው ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረውም። ወይም ተነግሮታል፣ ግን በተገላቢጦሽ።

የተገላቢጦሹ ትምህርት እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ለ«ሜክ»፣ አንድ ገጽ ለ«ዱ» ይሰጥና በየሥራቸው ሃያ ሃያ ስም ይደረደራል። ከላይ ደግሞ አንድ ሕግ ይጻፋል፤ «ሜክ» አዲስ ነገር ለመፍጠር፣ «ዱ» ሥራ ለማከናወን። ወንበር ለሚሠራ አናጢ ሕጉ ይሠራል። ስልክ መደወልም «ሜክ» ነው፤ ደዋዩ ምን ፈጠረ? ጉዳት ማድረስ «ዱ ዳሜጅ» ነው፤ ያልነበረ ጉዳት አልተፈጠረም እንዴ? ተማሪው ሕጉን ይዞ ወደ ዝርዝሩ ሲወርድ በሦስተኛው መስመር ላይ ይሰናከላል፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ሽምደዳ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን የአቅጣጫው ስህተት ነው። ሰው ሲናገር «ዛሬ ሜክን ልጠቀም» ብሎ አይነሳም። በአእምሮው ውስጥ ያለው ውሳኔ ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ ይቅርታ ነው፤ ማለትም ስሙ። የሚጎድለው ስሙን ተሸክሞ የሚሄደው ግስ ነው። ጀርመናዊው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ፍራንዝ ዮሴፍ ሀውስማን ሁለቱን በማዕረግ ለይቷቸዋል። ስሙ መሠረት ነው፣ ተናጋሪው እንደ ሐሳቡ በነጻነት ይመርጠዋል፤ ግሱና ቅጽሉ ተከታይ ናቸው፣ መሠረቱ ራሱ ይመርጣቸዋል። የተማሪው ደብተርም ይህን ቅደም ተከተል ቢይዝ ነው የሚበጀው። መዝገቡ በስም ይከፈት፣ ግሱ በሥሩ ይግባ።

«ዲሲዥን» የሚለውን ስም ወስደን አንድ ገጽ እንክፈትለት። ዋናው ግስ «ሜክ» ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ፣ በተለይ በይፋዊ አነጋገር፣ «ቴክ»ም ይባላል። ከብዙ ምክክር በኋላ የተደረሰበት ውሳኔ ከሆነ «ሪች»። የበላይ አካል ሲሽረው «ኦቨርተርን»። አማርኛችን ውሳኔን «መስጠት» እና «ማሳለፍ» ስለሚወድ ተማሪው «ጊቭ» ወይም «ፓስ» ማለት ይቃጣዋል። ዳኛ ውሳኔውን ሲያሰማ «ጊቭ» ሊባል ይችላል፤ ሥራ ለመቀየር የወሰነ ሰው ግን ውሳኔውን «ሜክ» እንጂ «ጊቭ» አያደርገውም። ከባድ ውሳኔ «ታፍ» ወይም «ዲፊከልት» ነው፤ «ሄቪ» አይሆንም። የችኮላው «ሄስቲ» ነው። በምን ጉዳይ ላይ እንደሆነ ለማመልከት «ኦን» ወይም «አባውት» ይከተለዋል፣ ምን ለማድረግ እንደሆነ ለማመልከት «ቱ» እና ግስ።

ገጹ ከዚህ በላይ ባይሞላ ይሻላል። ሦስት አራት ግስ፣ ሁለት ሦስት ቅጽል፣ አንድ ሁለት መስተዋድድ፣ በመጨረሻም እነዚህ ያሉበት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በብዛት የሚበላሸው መዝገበ ቃላቱ የዘረዘረውን ሁሉ የሚገለብጥ ተማሪ ነው፤ ሃያ ግስ ጽፎ ለንግግር ሲቀርብ አንዱም አይመጣለትም። ሲከለስ ደግሞ መሸፈን ያለበት ግሱ ነው። ስሙን አይቶ ግሱን ጮክ ብሎ መጥራት ከንግግር ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ግሱን አይቶ ስሙን መገመት ፈተና ለማለፍ ይረዳ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከግሱና ከስሙ መሃል የምትቀመጠው «ኤ» ወይም «ኤን» አብራ ትመዝገብ። «ሜክ ኤን ኤፈርት» ይባላል፣ «ሜክ ፕሮግረስ» ግን ያለ «ኤ» ነው። «ቴክ ኤ ብሬክ» ከ«ኤ» ጋር፣ «ቴክ ፓርት» ያለ «ኤ»። «ዱ ሪሰርች»፣ «ፔይ አቴንሽን»፣ «ጊቭ አድቫይስ»፣ እነዚህም ባዶአቸውን ይሄዳሉ። አማርኛ እንዲህ ያለ መስተአምር ስለሌለው ጆሯችን በቀላሉ ይዘልላታል። «ዱ ኤ ሪሰርች» የሚለው ስህተት ከዲግሪ በላይ በተማሩ ሰዎች ጽሑፍ ላይ ሳይቀር የሚበዛው ግሱ ጠፍቷቸው ሳይሆን ጥምረቱን ጎዶሎ አድርገው ስለያዙት ነው።

ሌላው ዓይን የሚያልፈው ነገር ርቀት ነው። «ሜክ» እና «ዲሲዥን» ሁልጊዜ ጎን ለጎን አይቆሙም። «ኮሚቴው ከሦስት ወር በኋላ ያሳለፈው ውሳኔ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲገባ ስሙ ፊት ይወጣና ግሱ ከጥቂት ቃላት በኋላ «ሜድ» ሆኖ ይመጣል። አንባቢ ጥምረቱን ተጠጋግቶ ብቻ የሚፈልገው ከሆነ ግማሹን ሳያየው ያልፋል። ሲያነቡ ስሙን አስምሮ «ግሱ የታለ?» ብሎ ወደፊትም ወደኋላም መፈለግ ጥሩ ልማድ ነው።

የእኛው ቋንቋ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፣ አስቀድሞም ሊጠረጠሩ ይችላሉ። ቴሌቪዥን እንከፍታለን፣ ስለዚህ «ኦፕን» እንላለን፤ የሚባለው «ተርን ኦን» ነው። ሕልም እናያለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕልምን «ሃቭ» ነው የሚለው፣ «ሲ» ቢባል ግር ይለዋል። ፎቶ እናነሳለን፤ እነሱ «ቴክ» ይላሉ። ቃል እንገባለን፤ እነሱ «ሜክ ኤ ፕሮሚስ»። ቃል መጠበቅ ግን «ኪፕ»፣ ማፍረስ «ብሬክ» ስለሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች እዚያ ላይ ይገናኛሉ። ከሁሉም የሚገርመው ባለቤቱ የሚገለበጥበት ነው። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ ባቡር ሰውን ያመልጣል። በእንግሊዝኛ ያዢው ሰውዬው ነው፣ ጉንፋኑን «ካች» ያደርገዋል፤ ባቡሩንም «ሚስ» የሚያደርገው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በቃል ማዛመድ ከንቱ ድካም ነው፤ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ነው መያዝ ያለበት።

በመስተዋድድ በኩል ደግሞ አንድ ጠቃሚ ምሥጢር አለ። «ዲስከስ» የሚለው ግስ ያለ «አባውት» ቀጥታ ጉዳዩን ይይዛል፤ «ዲስከሽን» የሚለው ስም ግን «አባውት» ወይም «ኦን» ይፈልጋል። «ኤምፈሳይዝ» ቀጥታ ይሄዳል፣ «ኤምፈሲስ» ግን «ኦን» ይከተለዋል። «ሪክዌስት» ግስ ሲሆን ብቻውን ነው፣ ስም ሲሆን «ፎር» ይዞ ይመጣል። «ሪዚስት» ያለ «ቱ»፣ «ሪዚስታንስ» ከ«ቱ» ጋር። ስሙን የለመደ ጆሮ መስተዋድዱን ወደ ግሱም ያሻግረዋል፤ በአማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ማለታችን ደግሞ ይገፋፋናል። «ዲስከስ አባውት» ከዚህ ነው የሚወለደው። የስሙን ገጽና የግሱን ገጽ ለያይቶ መጻፍ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ቅጽሎችና ተውሳከ ግሶች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፣ ጠባያቸው ያው ነው። ዝናብ «ሄቪ»፣ ንፋስ «ስትሮንግ»፣ ሞተር «ፓወርፉል»። እኛ ሦስቱንም «ኃይለኛ» እንላቸዋለን። አማርኛም የራሱ ታማኝ ጥንዶች አሉት፤ ድቅድቅ ከጨለማ፣ ዶፍ ከዝናብ ውጭ ማንን ይከተላል? እንግሊዝኛው ጨለማ «ፒች ዳርክ» ሲሆን «ፒች» ከጨለማና ከጥቁር ወዲያ ብዙም አይርቅም። «በጣም» የምንለው ደግሞ ይበታተናል። ለመከሰት ዕድል «ሃይሊ ላይክሊ»፣ ለሐዘኔታ «ዲፕሊ ሶሪ»፣ ለብርድ «ቢተርሊ ኮልድ»።

ረቂቁ ጉዳይ ቃላት የሚይዙት ስሜት ነው። «ኮዝ» የሚለው ግስ ትርጉሙ ማስከተል ብቻ ይመስላል፤ አብረውት የሚገኙትን ብናይ ግን ጉዳት፣ መዘግየት፣ ሕመም፣ ሥጋት፣ ሞት ይበዛሉ። «ኮዝ ሃፒነስ» የሰዋስው ስህተት የለበትም፣ ግን ደስታውን አደጋ ያስመስለዋል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የኮቢልድን የመዝገበ ቃላት ሥራ የመራው ጆን ሲንክሌር «ሴት ኢን» በሚለው የእንግሊዝኛ ግስ (ጀምሮ ሥር መስደድ ማለት ነው) ላይ ይህንኑ አስተውሏል፤ ይህ ግስ በአብዛኛው የሚጠራው እንደ መበስበስና ተስፋ መቁረጥ ያለውን መጥፎ ነገር ነው። ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳቱ ቀላል ነው። «ለችግር ተዳረገ» እንላለን፤ «ለሀብት ተዳረገ» ያለ ሰው ግን እየቀለደ ነው።

ጥርጣሬን የሚፈታው ኮርፐስ ነው፤ ለምርመራ የተሰበሰበ ትልቅ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ማለት ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1933 ቶኪዮ ውስጥ የእንግሊዝኛ ጥምረቶችን ሰብስቦ ሲያወጣ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ 100 ሚሊዮን ቃል የያዘው የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስና ከአንድ ቢሊዮን ቃል በላይ የያዘው የዘመናዊ አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ስሙን ማስገባት፣ ከስሙ በስተግራ እስከ አራት ቃል ድረስ ያሉ ግሶችን መጠየቅ፣ የወጣውን ዝርዝር ማየት ነው። ሁለት ወጥመድ ግን አለ። በብዛት ብቻ ከተደረደረ «ቢ» እና «ሃቭ»ን የመሰሉ የትም የማይጠፉ ግሶች ራስ ላይ ይወጣሉ። ጥምረቱ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚበልጥ በሚለካው ነጥብ ከተደረደረ ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ የታዩ እንግዳ ቃላት ይቀድማሉ። ብዙ አጥኚዎች በዚህ ነጥብ 3ን መነሻ የሚያደርጉትም ቃሉ ስንት ጊዜ እንደታየ አብረው እያዩ ነው። ተማሪ ሁለቱንም ዝርዝር አይቶ፣ በሁለቱም ላይ ከፍ ያለውን ግስ ይዞ፣ ሃያ ያህል ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ቢያነብ ይበቃዋል። በመፈለጊያ ሞተር ጽፎ «ይህን ያህል ሚሊዮን ውጤት አለው» ማለት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቁጥሩ ግምት ነው፣ ከውጤቱ ውስጥም የተማሪ ስህተት አለበት።

«ሰው እስከገባው ድረስ ምን ቸገረ?» የሚል መከራከሪያ አለ፣ ግማሹ እውነት ነው። «ስትሮንግ ሬይን» ያለ ሰው ዣንጥላ ይሰጠዋል። «ዲስከስ አባውት»ም እንደ ናይጄሪያና ሕንድ ባሉ አገሮች እንግሊዝኛ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ለእሱ ተማሪን ማሸማቀቅ አይገባም። ግሱ ሲቀየር ትርጉሙም አብሮ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ግን ቀልድ የለም። «ሃቭ ፈን» መዝናናት ነው፣ «ሜክ ፈን ኦፍ» ሰው ላይ መሳለቅ። «ቴክ ፕሌስ» መካሄድ ነው፣ «ቴክ ዘ ፕሌስ ኦፍ» መተካት። ስብሰባው በስልክ ንግግር ተተካ ለማለት የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው ስብሰባው ተካሂዷል ብሎ ዘግቧል።

የሚያርመው ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ምርጫው «ሜክ» እና «ቴክ»ን አብሮ ይዞ ከ«ዲሲዥን» በፊት ባዶ ቦታ የሚተው ጥያቄ በየፈተናው ይገኛል፤ መልሱም «ሜክ» ብቻ ተደርጎ ይታረማል። «ቴክ»ን የመረጠው ተማሪ አልተሳሳተም፣ ነጥቡ ሊመለስለት ይገባል።