ፍንጭቷን ተዉላት

ጓደኛዬ የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ለፍንጭቷ ነበር። የልጅቷ ሁለት የላይኛ የፊት ጥርሶች መሀል ክፍተት አለ። እናት ተጨንቃ «ብሬስ ይታሰርላት» ብላ ገባች፤ ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ ማለቷ ነው። ሐኪሟ ክፍተቱን አየት አድርጋ አለፈችው። ከዚያ ልጅቷን «እስኪ ጥርስሽን ግጠሚ» አለቻት። ስትገጥም የታችኛው መንጋጭላዋ ወደ ግራ ሸርተት አለ። በዚያ በኩል የላይኞቹ መንጋጋዎች ከታችኞቹ በስተውስጥ ነው የሚያርፉት።

እናቲቱ ይህን አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። እኔም ብሆን አላይም ነበር። የልጅ ጥርስ የምናየው ሲስቅ ነው፤ ሲያኝክ ማን ያያል?

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ብሬስን የውበት ጉዳይ አድርገነዋል፤ ያውም የባለገንዘብ ውበት። ያለው ሰው ባይታከም ምንም የማይሆነውን ያሳክማል። የሌለው ደግሞ «ቅንጦት ነው» ብሎ መታከም ያለበትን ይተዋል። አያቶቻችን የቆንጆ ምልክት ነው ሲሉት የኖሩትን ፍንጭት ዛሬ ከፍለን እናስዘጋዋለን። አዋቂ ካደረገው ምርጫው ነው። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ግን ሌላ ነው። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ የእድገት ነገር ነው። 11 እና 12 ዓመት ግድም ክራንቻዎቹ ሲወጡ ገፋ ገፋ አድርገው ይዘጉታል።

የመንጋጭላው መሸርተት ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይስተካከልም። ጥሩ አገጣጠም እንደ መሶብና ክዳኑ ነው። የላይኛው ሰፋ ብሎ የታችኛውን ከውጭ ያቅፈዋል። ክዳኑ ከጠበበ ወደ አንድ ጎን ካላዘነበለ አይገጥምም። ልጅ እንዲያ እያኘከ ካደገ ፊቱም አብሮ ሊጣመም ይችላል። ደግነቱ ላንቃ መሀል ለመሀል ስፌት የመሰለ የአጥንት መጋጠሚያ አለው፤ በልጅነት ገና አልጠነከረም። ትንሽ ብሎን ያለው መሣሪያ ይገጠምለታል። ወላጅ በታዘዘው መሠረት በቁልፍ ሩብ ሩብ ዙር ያዞረዋል፤ ላንቃው ቀስ እያለ ይሰፋል። ጉርምስና ካለፈ ስፌቱ ይጠነክርና ያው ሥራ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አገጣጠም ሐኪሞች) ማኅበር ልጅ እስከ 7 ዓመቱ አንዴ ይታይ የሚለው ይህን የመሰለውን በጊዜ ለመያዝ ነው። በሰባት ዓመቱ ሽቦ ይታሰርለት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ «ቆይታችሁ ኑ» ተብለው ነው የሚመለሱት።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የምንለው ነገር ነው። የወተት መንጋጋ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ የተተኪውን ቦታ ይጠብቃል። በስድስት ዓመት ተበልቶ ሲነቀል ከኋላው ያለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ተተኪው ሲመጣ መቀመጫ የለውም። ተደርቦ ይወጣል፤ አንዳንዴም ድድ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ የከፋም አለ። በአንዳንድ አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርሱ ነው» ተብሎ ድዱ ይፈለፈላል፤ የክራንቻው እምቡጥ ይወጣል። ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ አይደለም። ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ሳያንስ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ እምቡጥም ሊጎዳ ይችላል። ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡ ልጆችን ያከሙ ሐኪሞችም ይህንን ጉዳት በሙያ መጽሔቶች ጽፈውታል። ልጁ አድጎ የተዛነፈ ጥርስ ሲይዝ «የዘር ነው» ይባላል። ዘርም ድርሻ አለው፤ ይሄኛው ግን በሰው እጅ የመጣ ነው።

አዋቂዎችስ? እኔ ያሰርኩት በ36 ዓመቴ ነው። የልጅነት መንጋጋዬ ቶሎ ተነቅሎ የተደረበውን ለማስተካከል። ጥርስ በየትኛውም ዕድሜ ይንቀሳቀሳል። ሽቦው ሲገፋው ከፊቱ ያለው አጥንት ይሟሟል፤ ከኋላው አዲስ ይተካል። በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ጉዞው። ስለዚህ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት። ቆሎ የለ፣ ሸንኮራ የለ። ሰርግ ቤት ሰው ቁርጡን ሲያጣጥም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የድድ በሽታ ያለበት መጀመሪያ እሱን ይታከም። ችግሩ ከራሱ ከመንጋጭላው አጥንት ከሆነ ደግሞ አዋቂ ላይ ሽቦ ብቻውን አይመልሰውም። ሲፈታም አላለቀም፤ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘው ሪቴይነር አለ። እኔ ጥቂት ወር ችላ አልኩትና አንዷ የታችኛ ጥርሴ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመለሰች። ማንንም አልወቅስም፤ ተነግሮኝ ነበር።

ሕክምናው ውድ ነው፤ ባለሙያውም ጥቂት። ማየት ግን ውድ አይደለም። አንደኛ ክፍል የገባን ልጅ «ግጠም» ለማለት አንድ ደቂቃና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ትምህርት ቤቶች ዓይንና ጆሮ ያስመረመሩ ቀን አፉንም ቢጨምሩት ምን አለበት?

የጓደኛዬ ልጅ አሁን ላንቃዋ ላይ መሣሪያው አለ። እናት በቁልፍ ታዞራለች። ላንቃው ሲሰፋ የፊት ጥርሶቹም አብረው ይራራቃሉና ሊዘጋ የታሰበው ክፍተት ለጊዜው ይብሱን ሰፋ። ሐኪሟ ኋላ እንደሚጠብ ነግራታለች። አያትየው ግን «ፍንጭቷ እንዴት አምሮባታል!» እያሉ ጎረቤት ሁሉ እየጠሩ ያሳያሉ።