ግራና ቀኙን የማይለይ ሰው በዋሽንግተንና በፒያሳ

ከ16 ዓመት የዋሽንግተን ኑሮ በኋላ ለእረፍት አዲስ አበባ ገብቼ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና ልወርድ ስል ደረጃው አናት ላይ እግሬ አልነሣ አለኝ። ዓይኔ ደረጃውን ያያል፤ ጥልቀቱን ግን አይነግረኝም። ከኋላዬ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ፣ ጥሩምባው፣ የናፍጣው ሽታና የሰው ግፊያ ሁሉ በእኩል ጉልበት ይመጡብኛል፤ የትኛውን ሰምቼ የትኛውን እንደምተው አንጎሌ አይመርጥልኝም።

ዓይኔም ጆሮዬም ጤነኞች ናቸው። የሚያስቸግረኝ ከዓይን፣ ከጆሮና ከቆዳ የሚመጣውን መልእክት ከውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ስሜት፣ እንዲሁም ጡንቻና መገጣጠሚያ ስለ አካላችን አቋም ከሚነግሩን ጋር ማቀናጀት ነው። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱን ችሎ እንዲሠራ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ጂን አይረስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን የስሜት ሕዋሳት ቅንጅት ብላ አብራርታዋለች። አራት ኪሎ ሳድግ ግን ስሙ «ደንባራ» ነበር። ሲኒ በሰበርኩ፣ በር መቃን በገጨሁ ቁጥር እናቴ «ዓይንህ ወዴት ነው?» ትለኝ ነበር፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ሌላ ስም የሚነግራት ሰው አላገኘችም እንጂ። እኔም ስሙን የሰማሁት በ34 ዓመቴ፣ በባዕድ አገር፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግር እንድቆም ካዘዘችኝ ባለሙያ ነው።

ዋሽንግተን ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግማሽ መንገድ ትመጣለች፤ ጎዳናዎቿ ባንድ በኩል በቁጥር፣ በሌላው በፊደል ይሄዳሉና ሰው ሳይጠይቁ መቁጠር ይቻላል። ሆኖም ከተማዋ በአራት አቅጣጫ ስለተከፈለች አንድ ዓይነት አድራሻ በአራቱም ሊኖር ይችላል፤ ሰሜን ምሥራቅን ከሰሜን ምዕራብ አምታትቼ ስንት ቀጠሮ አልፎኛል።

አዲስ አበባ የምትመራው በምልክት ነው፤ «ከሲኒማው አለፍ ብሎ፣ ከጫማ ቤቱ ጎን» ይባላል። ካርታ በአእምሮው መሣል ለሚያቅተው ሰው ይህ ትልቅ ምርኩዝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኔ ምልክቶች አብረው ሄዱ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ለጥ ያለ፣ ሌሊትም ብርሃን ያለው በመሆኑ እግሬ ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን ንጣፉና የመብራት ምሰሶው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ሁለት ጊዜ የመጣሁበትን ተመልሼ ሄጃለሁ።

ያን ቀን ደረጃው ላይ የደረሱልኝ ነጠላ የተከናነቡ እናት ናቸው። «አዙሮህ ነው ልጄ? ና፣ ክንዴን ያዝ» አሉና እስከ ታች አወረዱኝ፤ ለምን ፈራህ ብለውም አልጠየቁኝም። በዋሽንግተን በ16 ዓመት ውስጥ ክንዱን የሰጠኝ መንገደኛ አላስታውስም፤ ደንባራ ያለኝም እንዲሁ።

የሚያሳዝነኝ የእኅቴ ልጅ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ጆሮውን ይይዛል፣ ፊደሉ ከመስመር ይወጣበታል፣ ደብተሩ ላይ መምህሩ በቀይ «ቀልበ ቢስ» ብሎ ጽፎበታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ ኦቲዝም በአገራችን ስም አግኝቷል፤ ይህ ልጅ ግን ኦቲዝም የለበትም፣ እኅቴም ለእርሱ የምታንኳኳው በር አላገኘችም።

ባለሙያዋ ለእኔ ያዘዘችው አንዱ ነገር ከባድ ብርድ ልብስ ነበር፤ ክብደቱ አካልን ጫን ሲል ብዙዎችን ያረጋጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ስለብሰው ትዝ ያለኝ የእናቴ ባለ አራት እጥፍ ጋቢ ነው። ያንኑ ጋቢ ከሣጥን አውጥቼ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጠቀለልኩት፤ ጥቂት ቆይቶ «አጎቴ፣ አንተም ደረጃ ትፈራለህ?» አለኝ። እፈራለሁ አልኩት። በማግስቱ እርሱ ክንዴን ይዞ፣ እኔ እያንዳንዱን ደረጃ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ፣ ወደ ቸርችል ወረድን።