እንኳን አደረሰህ ቡቺ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ይመዝገብ ቢባል የቤቱ ውሻ ቡቺ ከፊተኞቹ ተርታ ነው። ንስሐ አልገባም፣ ቅዳሴ አላስቀደሰም፤ ቤቱ ሲጾም እሱም ሽሮ የነካው እንጀራ እየበላ አብሮ ጾመ። ሰዎቹ በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣሉ። የከረመ አንጀት በአንዴ ቅባት ሲወርድበት ምን እንደሚል ያውቁታላ! ቡቺን ግን «ተልባ ቀመስክ ወይ?» የሚለው የለም። ከበጉ የተገፈፈው ጮማ፣ ከላቱ የተረፈው፣ ከድስቱ የተጠረገው ቅባት ሁሉ አንድ ላይ ይገለበጥለታል። ዓመቱን ሙሉ የተረሳበት ዕዳ በአንድ ጠዋት ይከፈላል።

የጌታው ቆሽት የሚያርረው በበጉ ዋጋ ነው፤ የቡቺ ደግሞ በበጉ ጮማ። ብዙ ቅባት በድንገት ሲገባ ቆሽት ይቆጣል። ውሻው ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብ ይተዋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፤ አንዳንዴም ደረቱን መሬት ላይ አሳርፎ ቂጡን ወደ ላይ ያነሳል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ «ጠግቦ ሰገደ» ብሎ ይስቃል። ሆዱን አሞት ነው፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የበዓል ድርሻው ይድረሰው ካላችሁ ጮማ የሌለው ሥጋ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅላችሁ ከለመደው ምግብ ጋር ደባልቁለት። ለመጀመሪያው ቀን ጥቂት ቁራጭ ይበቃዋል።

ዶሮ ወጡን እርሱት። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ድመት የባሰች ናት፤ ለሦስት ኪሎ ድመት 15 ግራም ገደማ እንኳ ያሰጋል። ምልክቱ የሚታየው በማግስቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው፦ ድድ ይነጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሽንት ይቀላል። ያኔ ወጡን ማን እንደሰጣት የሚያስታውስ የለም፤ ጎረቤት ነው የሚጠረጠረው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ስለዚህ የበዓል ቆሻሻ ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ።

ዶሮው እግሩን የታሰረበት ሲባጎም አለ። ደምና ስብ የነካው ገመድ ለድመት ምግብ ነው። ጫፉ ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ብታዩ እንዳትጎትቱ! ሌላው ጫፍ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል።

አሁን ወደ እርዱ እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት እዚያ ነው። አባወራው ቢላውን ይዞ ሳንባና ጉበቱን ያገላብጣል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲያገኝ እንደ ስጋ መርማሪ ግንባሩን ቋጥሮ ይወስናል፦ «ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጡት።» ከረጢቱ ሐኪሞች ሃይዳቲድ ሲስት የሚሉት ነው፤ ውስጡ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የጥቃቅን ትል እጭ ይዟል። ውሻው ሲበላው እጩ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ልጁ ውሻውን ያሻሻል፣ በዚያው እጁ ይጎርሳል። ለሰው አይሆንም የተባለው ሳንባ በዚህ መንገድ ተመልሶ ማዕድ ይቀርባል፤ ቋጠሮውም ዓመታት ቆይቶ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይገኛል። ውሻው እንኳ ያን ያህል አይታመምም።

ከረጢት ያለበትን ሁሉ ወይ አቃጥሉ፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩ። ደህና የሚመስለውንም የሆድ ዕቃ ሳትቀቅሉ አትስጡ፤ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆይ። የትሉ መድኃኒት ፕራዚኳንተል ነው፤ ለውሻ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ማለትም ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊግራም። በየስድስት ሳምንቱ ከተሰጠ ትሉ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። ቅርጫ ያለበት ሰፈር ሐኪም አማክሮ አብሮ ቢያስውጥ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለሰንጋ የሚዋጣ ሰው ለክኒን ማዋጣት አያቅተውም።

በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ ቤት በበዓል ቀን በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። እንግዳ ይገባል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ቆዳ ገዢው ጆንያውን አንግቶ «ቆዳ አለ!» ይላል። ውሻው ማንን እንደሚጠብቅ ግራ ይገባዋል። ከጠዋቱ ጀምሮ ውሃና አንድ ጨርቅ ይዞ ጓዳ ወይም ሰርቪስ ክፍል ይግባ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ስለሚተኮስ ከመምሸቱ በፊት አስገቡት፤ መስኮቱን ጋርዱ፣ ሬዲዮ ክፈቱለት። በሰንሰለት ታስሮ አጥር ሊዘል ሲሞክር ሊታነቅ ይችላል።

ነክሶም ከሆነ ቁስሉ ላይ አረቄ እየፈሰሰ ምክር አይደረግም። ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይኬዳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። እዚያም «ውሻው ተከትቧል?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ቡቺን በየዓመቱ አስከትቡት፤ ወረቀቱንም ከዕድር ደብተሩ ጋር አስቀምጡት፤ እሱ እንኳ አይጠፋም።