ይድረስ ለክቡር አቶ የመንገድ ጨው፣ ስቶክሆልም

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከካቴናዬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ካቴና ስል የብስክሌቴን ነው። አገር ቤት የፖሊሱንም በዚሁ ስም ስለምንጠራው እንዳይደነግጡ። ለነገሩ የፖሊሱ የሚገባው ለእርስዎ ነበር።

ትናንትም ማለዳ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ያቺ ትንሽ ማሽን ከፊቷ በክብ ብሩሽ በረዶውን እየጠረገች፣ ከኋላዋ እርስዎን በውኃ በጥብጣ እየረጨች የብስክሌት መንገዱን ይዛ ስትነጉድ አየኋት። ስዊድኖቹ ሱፕሳልትኒንግ ይሉታል፤ ጠርጎ ጨው መርጨት ነው። ለማያውቅ ሰው ጠበል የሚረጩ ይመስላል።

ሥራዎን አያውቁም አልልም። እርስዎ የገቡበት ውኃ በዜሮ ዲግሪ መርጋቱን ይረሳል። 23 በመቶ ያህል ከሆኑበትማ ከዜሮ በታች እስከ 21 ድረስ እምቢ ይላል። አምና እርስዎ ያልደረሱበት መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቼ በክርኔ ስለወደቅኩ ውለታዎን አልክድም። ግን ክርኔን አድኖ ካቴናዬን መብላት ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ከየት እንደመጡ የረሱት መሰለኝ። እኛ ዘንድ እኮ ከአፋር በረሃ በግመል ተጭነው የሚመጡ የተከበሩ ሰው ነበሩ። አሞሌ ተብለው ገንዘብ ሆነዋል፤ ሰው እርስዎን ቆጥሮ ገበያ ይወጣ ነበር። ዛሬ በሰው ሱሪ ጫፍ ላይ ነጭ ካርታ ይሥላሉ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ሲባል አልሰሙም? እዚህ አገር ማንም ሳይቀምስዎ ነው በመኪና የሚጥሉዎት።

በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ካቴናው ላይ ዘይት አፈሰስኩበት። ሞኝነቴ! ዘይት እርጥብ ነው፤ እርስዎንም አሸዋውንም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ሦስታችሁ ተቦክታችሁ ጥቁር ሊጥ ሆናችሁ የመገጣጠሚያውን ፒን እንደ ሞረድ ፈገፈጋችሁት። ካቴና «ረዘመ» ሲሉ ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። በየመገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ነው። በሚያዝያ ስለካው አንድ ሜትር ላይ 5 ሚሊሜትር ጨምሯል። «5 ሚሊሜትር ምን አላት?» ይሉኝ ይሆናል። እንደኔው ባለ 11 ጊር ብስክሌት ላይ ካቴናው የሚቀየርበት ልክ እሷ ናት። ቸል ካሏት የኋላውን ጥርስ ይዛው ትሄዳለች።

ስለዚህ ወደ ሰም ዞርኩ። የአዲሱን ካቴና የፋብሪካ ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥቤ በአልኮል ደገምኩት። ፓራፊን ሰም በኤሌክትሪክ ድስት አቀለጥኩ። ካቴናውን በሽቦ አንጠልጥዬ ነከርኩት፤ ከየመገጣጠሚያው አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ጧፍ ትሠራ የነበረችው አያቴ ብታየኝ «ልጄ ድቁና ገባ እንዴ?» ባለች።

በዚህ መሃል ባለቤቴ ከሥራ ገባች። ሽሮ መስሏት ክዳኑን ከፈተች። ዝም ብላ አየችው፣ አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ካቴና።»

«በማን ድስት?»

ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ80 ክሮኖር የገዛሁት የራሴ ድስት መሆኑን ማልኩላት። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችና «ጨው ጣል አድርገህበታል?» አለችኝ።

ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ደርቆ ወጣ። መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ ቀጭ ቀጭ እያደረግኩ አፍታታሁት። ጣቴ አልጠቆረም። ሰም ደረቅ ነው፤ እርስዎም አሸዋውም የሚጣበቁበት አያገኙም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያዩኝ ያፈሩ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ማታ በስብሼ፣ ደክሞኝ ገባሁ። ብስክሌቱን ደረጃው ሥር አስደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ካቴናው ብርቱካን መስሏል። ለካ ሰም ከመፈግፈግ ያድናል እንጂ ከዝገት እንደ ዘይት አይጋርድም። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር፤ ዝም አሉኝ። አሁን በየማታው በአሮጌ ቲሸርት እየጠረግኩ አደርቀዋለሁ። ልጄን እንኳ ከሻወር ሲወጣ እንዲህ አድርቄው አላውቅም። እርስዎ በበዙበት ሳምንት ደግሞ እንደገና ድስት እጥዳለሁ። የቅኔ አገር ልጅ ነኝና ሰምና ወርቁን አላጣሁትም፦ ሰሙ ካቴናዬ ላይ፣ ወርቁ ብስክሌት ጠጋኙ ኪስ።

ዛሬ ማታ ከዜሮ በታች 3 ነው ብለዋል። መውጣትዎ አይቀርምና ድስቱን ጥጃለሁ።

አክባሪዎ፣
ባለ ብስክሌቱ

ይድረስ ይድረስ፦ ባለቤቴም ሰላም ብላዎታለች። የወጥ ጨው አልቆብን ስመለስ እንድገዛ አዛኛለች።