የጆርጂያ ኦኪፍ የሌሊት ፎቅ ናሽቪል ይቆይ

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጆርጂያ ኦኪፍ ስትባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ትልልቅ አበቦቿ ናቸው። እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በ1927 እ.ኤ.አ. የሳለችውን የኒውዮርክ ሌሊት ነው።

መሃል ላይ የቆመው የራዲያተር ኩባንያ ሕንፃ ነው። ሬይመንድ ሁድ ነድፎት በ1924 ያለቀ፣ ጥቁር ጡብ የለበሰና አናቱ ወርቃማ የሆነ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ። ኦኪፍ ጥቁሩን ግድግዳ ከጨለማው ሰማይ ጋር አዋህዳ ፎቁን በመስኮቶቹ ብርሃን ብቻ አቆመችው። በቀኝ በኩል ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። በግራ ደግሞ ቀይ የመብራት ማስታወቂያ አለ። እዚያ ላይ የአንድ የሳይንስ መጽሔት ስም ነበር። እሷ አውጥታ ፎቶ አንሺና የሥዕል ኤግዚቢሽን አዘጋጅ የነበረውን የባሏን የአልፍሬድ ስቲግሊትዝን ስም ጻፈችበት።

ያን ጊዜ ኒውዮርክን መሳል ለወንዶቹም አልሆነላቸው፣ አንቺማ አትሞክሪው ተብላ ነበር። የመጀመሪያውን የኒውዮርክ ሥዕሏን በ1925 ኤግዚቢሽን ላይ አልሰቅልም ያለው ራሱ ስቲግሊትዝ ነው። በዓመቱ ሲሰቀል በመጀመሪያው ቀን ተሸጠ!

ስቲግሊትዝ በ1946 ሞተ። ኦኪፍ እሱ የሰበሰባቸውን ሥራዎች ለትልልቅ ሙዚየሞች አከፋፈለች። በ1949 ደግሞ 101 ሥራዎችን በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ለሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ለፊስክ ሰጠች። የሌሊቱ ፎቅ ሥዕል አንዱ ነበር። ያኔ ቴነሲ ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ነው የሚማሩት። እንዳይሸጥም አደራ ብላለች።

ቦታውም ይገባዋል። የፊስክን የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል ያቋቋመው ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ አሮን ዳግላስ እስከ 1966 እዚያው አስተምሯል። በ1936 በሳለው ሥዕል ላይ ከታች በሰንሰለት የታሰሩ እጆች ይታያሉ፤ ከላይ ኮረብታው ላይ የፎቆች ከተማ ያበራል። እነዚህን ሁለት ሠዓሊዎች አንድ ግቢ ውስጥ አስተያይቶ መማር ለአንድ ወጣት ሠዓሊ ትልቅ ዕድል ነው።

ፊስክ ገንዘብ ሲያጥረው በ2005 የኦኪፍን የሌሊት ፎቅ ልሽጥ አለ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ2012 የስብስቡ ግማሽ ባለቤትነት በ30 ሚሊዮን ዶላር አርካንሳስ ላለው ክሪስታል ብሪጅስ ሙዚየም ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ስብስቡ በፊስክና በሙዚየሙ መካከል በየሁለት ዓመቱ ይመላለሳል። ፊስክን አልወቅስም። ሊዘጋ የደረሰ ትምህርት ቤት ያለውን ይሸጣል።

ሙዚየሙ ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። የግማሽ ባለቤትነቱን ይያዝ፣ ሌሎቹም ሥራዎች በተራቸው ይመላለሱ። የሌሊቱ ፎቅ ግን ፊስክ ይቅር። በ2014 የኦኪፍ ነጭ አበባ በ44.4 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ ክሪስታል ብሪጅስ ገብቷል። ኦኪፍን ማየት የፈለገ የአርካንሳስ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።