ዲፍረንሻል ገንጥላችሁ የምትሸጡ ሰዎች፣ ስሙኝማ

ዛሬስ አልቻልኩም። ልተንፍሰው። ዲፍረንሻል ማለት ከኋላ ያለው፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው የማርሽ ሳጥን ነው፤ ብሶቴም ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ማርሾቹን ለያይታችሁ ስለምትሸጡ ነው።

ፔጆ 404 አለችኝ። ያቺው ከኋላ ክንፍ ብጤ ያላት፣ ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ የወጣችው። ሐረር የሄደ ሰው በደንብ ያውቃታል። ጀጎል ዙሪያ ስንት ዘመን ታክሲ ሆና ኖራለች። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችውም እሷው ናት። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም። (ትንሽ ለጉራም ነው።) ቆሻሻ መኪና ይዤ እንዳልተንገበገብኩ እንድታውቁልኝ ነው። ሞተሯ ዛሬም ጠዋት አንዴ ሲነካ ይነሳል። ችግሯ ከኋላ ነው።

ከኋላ ወንበር ሥር ድምፅ ጀመራት። መጀመሪያ ቀጭን ሲርታ ብቻ ነበር። ከዚያ ነዳጅ ስረግጥ ማልቀስ፣ ስለቅ ማጉረምረም። ሰፈር ያሉት መካኒኮች አንዱ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ የሚያዞረው ቀለበት) ነው አለ፣ አንዱ ክሮቼራ (የዘንግ መጋጠሚያ) ነው አለ፣ አንዱ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው አለኝ። በመጨረሻ ሐረር ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ስልክ አገኘሁና ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ እንዲህ እንዲህ ትላለች» ስላቸው ስለ ኩሽኔታ ቃል አልተነፈሱም።

«ዘይቱን ማን ነው የቀየረው?» አሉኝ።

«ጋራዥ ነዋ ጋሼ።»

«ምን ጨመሩበት?»

«የዲፍረንሻል ዘይት ነው ያሉኝ።»

«በቃ፣ በልተውታል» አሉና ስልኩ ላይ በረጅሙ ተነፈሱ።

ለማያውቅ ላስረዳ። አብዛኛው በኋላ ጎማ የሚሄድ መኪና ዲፍረንሻሉ ውስጥ ኮሮና (ትልቁ ማርሽ) እና ፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) አለው። ሁለቱም ብረት ናቸው። 404 ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ከካምቢዮ (ከማርሽ መቀየሪያው ሳጥን) የሚመጣው ዘንግ መጨረሻው ላይ ጠመዝማዛ ብረት አለ። እሱ ደግሞ አንድ ትልቅ የነሐስ ማርሽ ያዞራል። በቤት አውቶሞቢሏ ላይ ጠመዝማዛው 5 መነሻ (ዙሪያውን የተጠመጠሙ 5 ክሮች) አለው፣ ነሐሱ 21 ጥርስ። 21ን ለ5 ስታካፍሉት 4.2 ይመጣል። ዘንጉ 4.2 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። አሠራሩ ሲያምር! ደህና ሆኖ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚሸጠው የዲፍረንሻል ዘይት አብዛኛው ጂኤል 5 የሚባለው ደረጃ ነው። ኮሮናና ፒኞን ላይ ለሚመጣው ከባድ ጫና የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው የድኝ ቅመም ብረትን ከመፋቅ ያድነዋል። ሲግል ግን ነሐስን ይበላል። ጣሳው ላይ ተጽፏል እኮ! ጂኤል 5 ይላል! ማንበብ ብቻ ነበር። ጋራዡ ግን «ዘይት ዘይት ነው፣ ይሄ እንደውም ውዱ ነው» ብሎ ሞላልኝ። ዘይቱን ስናወርደው ውስጡ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስል ያብለጨልጭ ነበር። የእኔ ነሐስ ነው እንግዲህ እንደዚያ የሚያብለጨልጨው።

ይሁን። ተበላ፣ ይቀየራል አልኩ። ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ወረድኩ። እውነተኛው ብሶቴ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንዱ ሱቅ ልጁ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጋዜጣው በቅባት ርሶ ፊደሉ ጠፍቷል። ሲፈታው የነሐስ ማርሽ። ልቤ ዘለለች።

«አለቃ፣ ኦሪጅናል የፈረንሳይ ነው። ከዚህ በኋላ አታገኘውም።»

«ብረቱስ? ጠመዝማዛውስ?»

«እሱ ተሸጧል።»

«ለማን?»

«ለአንድ ሰውዬ። እሱ ነሐሱን አልፈለገም።»

እንዴት ነው አንድ ሰው ነሐሱን የማይፈልገው? ሁለቱ አብረው የሚሠሩ፣ አብረው የተላመዱ ናቸው። ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ የራሱን ብረት ቅርጽ ይይዛል። ሌላ ብረት ስታመጣበት ጥርሱ ሙሉ ለሙሉ አይገናኝም፤ ጠርዝ ላይ ብቻ ይነካካል። ይግላል። ያለቅሳል። ከዚያ እንደገና ሶማሌ ተራ ነህ። ነሐሱን ያልፈለገው ሰውዬ ይኸኔ የሆነ ቦታ ቆሞ የመኪናውን ለቅሶ እየሰማ ነው። እኔም ነሐሱን ብገዛ ኖሮ ተራዬ ነበር።

ለማንኛውም ጥርሱን ቆጠርኩት። ልጁ ሲስቅብኝ፣ እኔ በኖራ ምልክት አድርጌ አንድ፣ ሁለት እያልኩ። 19 ሆነ። ደገምኩት፤ 19። የሌላ ፔጆ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። «የእኔ 21 ነው» ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ሁለት ጥርስ ምን ያደርጋል አለቃ፣ ይገባል።» ይገባል! የጫማ ቁጥር መሰለው እንዴ?

ይህ የፔጆ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ላዳ አለችው። ላዳ የፊያት 124 ዝርያ ናት፤ ዲፍረንሻሏ ተራ ኮሮናና ፒኞን ነው፤ መለዋወጫውም ከእኔ መቶ እጥፍ ይገኛል። ግን 2101 የምትባለው የድሮዋ ሞዴል ጥርሷ 43 ለ10 ነው፣ ማለትም 4.3። 2103 ደግሞ 41 ለ10፣ 4.1። 2106 ደግሞ 43 ለ11፣ 3.9 አካባቢ። የ2101ዱ ኮሮናና የ2106ቱ ኮሮና ሁለቱም 43 ጥርስ ናቸው! ሻጩ ኮሮናውን ብቻ ቆጥሮ «ያው ነው» ቢል ይፈረድበታል? አዎ ይፈረድበታል፤ ፒኞኑን አብሮ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። የጎረቤቴ 2106 ነበረች። የ4.3ቱን ሙሉ ዲፍረንሻል ገጠሙለት። አሁን ሞተሯ በከንቱ ይጮሃል፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ደግሞ ከካምቢዮ ስለሚያነብ ከሚሄደው በላይ ይቆጥርለታል። ሰውዬው ፈጣን ሆንኩ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

አንድ ምስጋና ግን ላስገባ፣ ፍርደ ገምድል እንዳልባል። ኩሽኔታ የሚሸጡት ሰዎች። እነሱ ጋ ስትሄድ መኪናህ ምንድን ነው ብለው እንኳ አይጠይቁህም። አሮጌውን ይቀበሉሃል፣ በቤንዚን ጠረግ ያደርጉታል፣ ቁጥሩን ያነባሉ። 6207 ካለ ውስጡ 35፣ ውጪው 72፣ ውፍረቱ 17 ሚሊሜትር ነው። ፔጆ ላይ ይሁን ውሃ መሳቢያ ላይ፣ ያው ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ካሊፐር ያወጣሉ። ፓራሊዮም (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) እንደዚሁ፣ መጠኑ እራሱ ላይ ተጽፏል። የ60 ዓመት መኪና ኩሽኔታ በአሥር ደቂቃ አግኝቼ ወጣሁ። ስለዚህ «የድሮ መኪና ዕቃ የለም» የምትሉኝን አልቀበልም። ዕቃው አለ። የሚለካው ጠፋ እንጂ።

ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት) አሠራው ያላችሁኝ ደግሞ ብዙ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሄጃለሁ። ባለቶርኖው ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቡሽ (ተራ የዘንግ ቀለበት) ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ይሄ ማርሽ ግን በቶርኖ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ጥርሱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎድጎድ ብሎ ብረቱን አቅፎ የሚይዝ ነው። በትክክል የሚቆረጠው ያንኑ ጠመዝማዛ ብረት በሚመስል መቁረጫ ነው። መቁረጫው የት አለ? ልጁ በቅንነት «ወንድሜ፣ ብሞክረው አበላሽብሃለሁ» አለኝ። ተባረክ። በሰሞኑ ካገኘኋቸው ሰዎች እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው። ከእሱ አጠገብ ያለው ግን «ናስ ይዘህ ና፣ በሞረድ አወጣልሃለሁ» አለኝ። በሞረድ! ያውም በነሐስ ሳይሆን በናስ!

ነሐሱ ለምን እንደጠፋም የገባኝ ያኔ ነው። ነሐስ በኪሎ ይሸጣል። ቁራሌው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሲሰበስብ ለእሱ ማርሽም ያው፣ የተሰበረ ቧንቧም ያው። ስንት የ404 ነሐስ ምናለሽ ተራ ሚዛን ላይ ወጥቶ ቀልጦ ይሆን? ብረቱ ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ለብቻው ይቀራል። ለዚህ ነው ሁሌ አንዱ ብቻ የሚገኘው።

ከዚያ ደግሞ መካሪዎቹ። «የቶዮታ ፒክአፕ የኋላ አክሰል ግጠምባት፣ ተገላገል።» እሺ፣ እንዴት ብዬ? 404 ዘንጓ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሄደው። መኪናዋን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል በዚያ ቧንቧ በኩል ነው የሚያልፈው። ከኋላ የተቀመጠችው ሞላ (የተጠመጠመ ስፕሪንግ) ላይ ነው፤ የምትሉኝ የፒክአፕ አክሰል ደግሞ ለባሌስትራ (ለተደራረበ ዝርግ ብረት) የተሠራ። ቧንቧውን ቆርጬ፣ ቦዲዋ ላይ ብየዳ አስበይጄ፣ ፍሬኑን ሁሉ ቀይሬ… ከዚያ ያ መኪና ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? ቦሎ ስወስድስ ምን ልል ነው?

«ሸጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ» የሚሉም አሉ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉን አውቃለሁ። ለዚሁ ነው እኮ ያለውን መጠገን ያለብን። ደግሞ ገንዘቡን ማን ይሰጠኛል? ምክር ነፃ ነው።

ከፈረንሳይ ማስመጣት ይቻላል፤ እዚያ የድሮ ፔጆን የሚንከባከቡ ሰዎች ጥንዱን አብረው ነው የሚሸጡት። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ መቶውን አልፏል። ዩሮውማ አይወራ። በላዩ ላይ ማጓጓዣ፣ በላዩ ላይ ቀረጥ። ፓሪስ ያለች የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ልትመጣ ነው ሲሉኝ በሻንጣ ታመጣልኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ «ለእማዬ የገዛሁትን አውጥቼ ብረት ልጫን?» አለችኝ። ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። አክስቴ ይህን እንዳታነብ።

እና አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ፣ የትም ያላችሁ፦ የቆመች 404 ግቢያችሁ ውስጥ ካለች፣ ዶሮ እየተኛባትም ቢሆን፣ ዲፍረንሻሏን ከመፍታታችሁ በፊት ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጥርሱ 21 ይሁን፣ ብረቱ አብሮት ይኑር። ፎቶ ስትልኩ ከላይ ብቻ አታንሱት፤ ጥርሱን ከጎን አሳዩኝ፣ ጫፉ ስለት ሆኖ ከሾለ አልቋል ማለት ነው። ነሐሱን ብቻ የያዛችሁ ደግሞ ብረቱን የገዛውን ሰውዬ ስልክ ፈልጉልኝ፤ ሽማግሌ ልኬም ቢሆን አስታርቃቸዋለሁ። ዋጋ በኮሜንት አትጠይቁኝ፣ «ላስት ፕራይስ» የሚል ደግሞ ብሎክ ይደረጋል።